በቆሎን ሣር ያሉት ክቡር አምባሳደር

አንዲት ነገር ብቻ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ያላስመረረው ሰፈር በዚህች አገር የለም። ብዙ የሚያውቀውስ ይሻላል፤ ከአንዱ ወሬ ወደ ሌላው ሲሻገር መሃል ላይ ሹልክ ማለት ይቻላል። ባለ አንዱ ግን መሻገሪያ የለውም። ከዝናቡ ብትነሳ፣ ከቀበሌ ስብሰባ ብትነሳ፣ ከሟች ዕድሜ ብትነሳ፣ የምትደርሰው እዚያው እሱ ጋ ነው።

ለእኛ ለቦንጋዎቹ የደረሱን ጋሽ ልዑልቃል ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ባዮሎጂ አስተማሩ፤ ከዚያ ሁሉ ባዮሎጂ ልባቸው የቀረው አንዲት ኢንዛይም ላይ ነው። አሴቲል-ኮኤ ካርቦክሲሌዝ ትባላለች። ሙሉ ስሟን ሲጠሩ የሹም ስም እንደሚጠራ ሰው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ሰውነት ከምግብ የተረፈውን ስኳር ወደ ስብ ሊለውጥ ሲነሳ የመጀመሪያውን በር የምትከፍተው እሷ ናት አሉ። እሷ ካልፈቀደች ሥራ የለም። «ከባክቴሪያ እስከ ዝሆን፣ ያለ እሷ ማን አለ?» ይላሉ፤ መልስ ግን አይጠብቁም። እኔም በካፋ ዞን የኢንዛይሟ ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ብዬ ሾምኳቸው። ሹመቱን በምስጋና ነው የተቀበሉት። ስድብ መሆኑ አልታያቸውም።

የባጃጅ ሾፌሮች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ነዳጅ ይረግጣሉ። ተሳስቶ የጫናቸው ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ስለ ትርፍ ስኳር ይማራል።

ባለፈው ሁዳዴ እትዬ በዛወርቅ እድር ላይ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ። «ቅቤ በአፌ ከዞረ ስንት ጊዜው! ቀሚሴ ግን እምቢ አለኝ። ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» አሉ። ሴትዮዋ የፈለጉት «አይዞዎት» የሚላቸው ሰው ነበር።

«ምን ምን ይቀምሳሉ?» አሉ አምባሳደሩ።

«ምን አለኝ፣ ቆጮ፣ ድንች፣ ሻይ በስኳር። ሁሉም የጾም ነው።»

«አፍዎ ጾሟል፤ ጉበትዎ ግን አልጾመም። ያንን ሁሉ ተቀብሎ እዚያው ቅቤ እየናጠ ነው! በሩን የከፈተችው ደግሞ...»

«ወይኔ ጉድ! ጉበቴ ጾም ገደፈ በሉኛ!»

እትዬ በዛወርቅ ስለ ጉበታቸው ሊጠይቁ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ምን እንደተባሉ አልነገሩንም። ሻይ ግን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመሩ።

እንዲህ እየሳቅንባቸው ሳለ የራሕመት ነገር መጣ። ራሕመት ጎረቤታችን ናት፤ ትንሽ ሱቅ አላት። ዘንድሮ ሱቁ ሲቀዛቀዝባት ከቤቷ ጀርባ ያለውን መሬት በቆሎ ዘራችበት። የልጆቿ ቀለብ ያ ብቻ ነው። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ሰርዶ ወረረው። ወንድሟ ካሚል ከዋጫ ከተማ በሚኒባስ የአረም መድኃኒት ይዞላት ደረሰ።

«ሣር ብቻ ነው የሚገድለው። የእኔን ቦሎቄ ቅጠሉን እንኳ አልነካውም» አላት።

መርጫውን አዝላ ስትነሳ ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ተሰማ።

«ራሕመት ልጄ፣ ቁሚ! በቆሎም ሣር ነው!»

«ጋሽ ልዑልቃል፣» አለ ካሚል፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ሣር ነው ስንግጥ የኖርነው?»

«አዎ! በቆሎም፣ ጤፍም፣ ስንዴም የሣር ወገን ናቸው። ቦሎቄህን ምሮ ሣሩን ከመረጠ፣ ይህ መርዝ የሚያንቀው እሷን ነው፤ የሣር ወገን ካርቦክሲሌዝን! ስብ ለቦርጭ ብቻ መሰለህ? ቡቃያ አዲስ ሴል ሲሠራ ሽፋኑ ከስብ ነው። ስብ ካጣ ከመሃሉ ይበሰብሳል።»

«ሰፊው ሕዝብ ሆይ፣ ስማ!» አልኩ እኔ። «ከዛሬ ጀምሮ በቆሎ የሣር ግብረ አበር ተብሎ ተፈርጇል!»

ሰው ሁሉ ሳቀልኝ። እሳቸው ግን አጥሩን ይዘው ለመኑ፤ «አንድ ጥግ ብቻ ርጪ፣ ልጄ። ሌላውን ለእኔ ስትይ ተዪው።» ራሕመት እያጉረመረመች እንሰቱ አጠገብ ያለውን ጥግ ብቻ ረጨች።

በማግስቱ የተረጨው በቆሎ አረንጓዴ ነው። ከዚያም ወዲያ አረንጓዴ ነው። በየጠዋቱ አጥሩን ተደግፌ «ክቡር አምባሳደር፣ ሟቹ እንዴት አደሩ?» እላቸዋለሁ።

«ታገሥ፣ ሚሊዮን። ከውጭ አይታወቅም» ይላሉ። ፊታቸው ግን እየገረጣ ሄደ። ሰርዶው ደግሞ ማንንም አልጠበቀም።

በመጨረሻ ራሕመት መረራት። «ጋሽ፣ እርስዎን ሰምቼ ልጆቼን ላስርብ?» አለችና መርጫውን ሞልታ አዘለች።

ጋሽ ልዑልቃል አጥሩን ዞረው መጡ። ወደ ተረጨው ጥግ ገቡና የአንዱን በቆሎ የመሃል ቅጠል ያዝ አድርገው ሳቡት። ሰይፍ ከሰገባው እንደሚመዘዝ ሹልክ ብሎ ወጣ። ግርጌው ቡናማ ነው፣ በስብሷል። ራሕመት ሌላውን ራሷ ሳበች። ያም ወጣ። ቀና ብላ ያልተረጨውን ማሳ አየች፤ መርጫውን ከጀርባዋ አውርዳ መሬቱ ላይ ዘጭ አለች።

እኔ ጆሮዬን ለ«አላልኩሽም?» አዘጋጅቼ ነበር። አላሉም። «ቀሪው ደህና ነው። ዶማ አምጪ» አሉ፤ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ሰፈሩ በደቦ ወጣ። ካሚል እንኳ አንገቱን ደፍቶ ከዋጫ መጣ። እትዬ በዛወርቅ ከሁላችን ቀድመው መሬቱን ይቆፍራሉ። ጋሽ ልዑልቃል ከእኔ ቀጥሎ ያለውን መስመር ይዘው ዝም ብለው ይኮተኩታሉ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ዝምታ ነው። ሳገኘው ግን የታመመ ሰው አጠገብ የቆምኩ መሰለኝ።

ጥጉ ላይ የተረጨው በቆሎ ደርቋል። መርዙ የነካው እንሰት ግን ቅጠሉ እያበራ ቆሟል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው መልሱ እስከ ምሳ እንደሚወስድ አሳምሬ አውቃለሁ።

«ጋሽ ልዑልቃል፣» አልኳቸው፣ «ለመሆኑ እንሰቱን ለምን ማረው?»

ቀና አሉ። ፊታቸው ወገግ አለ። ዶማቸውን አጋደሙና እጃቸውን አራገፉ። «እንሰት የሣር ወገን አይደለም! የእሱ ካርቦክሲሌዝ አሠራሯ ሌላ ነው። ቆይ፣ ከሥሩ ላስረዳህ...»

«ጋሽ ሚሊዮን!» ራሕመት ከማዶ ጮኸችብኝ። «አንድ ሠራተኛ አሳጡን እኮ!»

እውነቷን ነው። የእሳቸውንም መስመር ከራሴ ጋር ደርቤ ያዝኩ።