የመናፈሻዋ ባለቤት

በየሰፈሩ የማንም ያልሆነውን ነገር ሁሉ የራሷ የምታደርግ አንዲት ሴት አትጠፋም። ካርታ የላትም፣ የሹመት ደብዳቤ የላትም፤ ግን የመንገድ መብራት ሲጠፋ ሰው የሚያንኳኳው የሷን በር ነው። በዚህ ሰፈር ወንበሩን የያዙት ክብርት ሲስተር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ የመናፈሻዋና ከጎኗ ያለው ሜዳ የበላይ ጠባቂ፣ አልፎ አልፎም የሰዓት ሠሪው ሚስት።

«አልፎ አልፎ» የምትለዋ ቃል የራሱ የሰዓት ሠሪው ናት።

እሱ ከሱቁ መስኮት ሆኖ፣ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲያያቸው ይውላል። ሲስተር የአንዷን ችግኝ ቅጠል ገልብጠው ያያሉ፣ ግንዷን ዳበስ ያደርጋሉ፣ «ዛሬ ፊቷ ጥሩ አይደለም» ይላሉ። አዲሱ ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው ካዩ፣ ሽበት ያወጣም ቢሆን፣ «ልጄ፣ ተነሥልኝ፣ ገና ማገገሙ ነው» ይሉታል። ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ይነሣል። ከቤት ሲወጡ ሁልጊዜ «መጣሁ» ነው የሚሉት። ምሳ ይቀዘቅዛል፣ እራት ይደርሳል፣ ሲስተር ገና እየመጡ ነው።

ሰዓት ሠሪው ይቀናል። በሰው ቢሆን እንኳ ባልከፋ፤ እሱ የሚቀናው በዛፍ ነው። ባለፈው ክረምት ጃንጥላውን ፈልጎ አጥቶ በዝናብ በስብሶ ገባ፤ ለካ ጃንጥላው አንዲት ችግኝ ላይ ተዘርግቷል። «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ትችለዋለህ፤ እሷ ገና ነፍስ አላወቀችም» አሉት። ሳምንት ሙሉ ሲያስለው የታዘዘለት መድኃኒት «ትኩስ ነገር ጠጣ» ብቻ ነበር። ዛፏ ግን ቅርፊቷ ቢላጥ በፋሻ ታሰረች። ፋሻው ደግሞ ከሱ ሸሚዝ የተቀደደ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የመናፈሻዋ አጥር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መናፈሻዋና ሜዳው «ባዶ ቦታ» ስለሆኑ ለሱቆችና ለመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሊሰጡ ነው ይላል። ሰዓት ሠሪው አንብቦ ሲጨርስ ደስ አለው። አፈረ፣ ግን ደስ አለው። ሚስቱ ወደ ቤት ሊመለሱለት ነው።

ተመለሱም። ሦስት ቀን ሙሉ ከሱቁ በር አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ። በሰዓቱ ምሳ በሉ። የሚላቸውን ሁሉ «እሺ» አሉት። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ብለውት አያውቁምና በሦስተኛው ቀን ፈራ።

በአራተኛው ቀን ጉዳዩ የሚወሰንበት ስብሰባ ተጠራ። ሲስተር ብድግ ብለው የእያንዳንዱን ዛፍ የጤና ሁኔታ ማስረዳት ያዙ። ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ «ገብቶናል፣ ይቀመጡ» አላቸው። አልተቀመጡም። በመጨረሻ ሰብሳቢው መዝገቡን ገለጠና ደንቡ እንደሚያዘው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ባለቤት ካለ ይነሣ» አለ።

ሰዓት ሠሪው የኋላ ወንበር ላይ ነበር። ሚስትህን ሰብስብልን ያሉት መሰለው። ተነሣ።

«እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ባለቤቷ እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አለፈ።»

«ማስረጃ አለዎት?»

«ቤት ተቀምጧል፣ ፊርማም አለው። ከምስክሮቹም ሁለቱ በሕይወት አሉ።»

ጸሐፊዋ ቃሉን አንድም ሳታስቀር ጻፈች። ባለቤት ነኝ የሚል የቀረበበት ቦታ ደግሞ ነገሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ለማንም አይሰጥም። ሰብሳቢው ላብ በላብ ሆኖ ጉዳዩን ለሁለት ወር ቀጠረው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ሰዓት ሠሪው ሰው ሁሉ ለምን እንደሚያቅፈው ግራ ገባው። ባለቤት የተባለው የቦታዋ እንጂ የሲስተር እንዳልሆነ ያስረዳው ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ነው።

ሰብሳቢውም ይህን ሲሰማ በረንዳው ላይ ደረሰበት።

«አባት፣ ተሳስተው ከሆነ ቃልዎን ይሰርዙና እዚሁ እንጨርሰው፤ ማንም አይቀየምዎትም። እውነት የርስዎ ናት?»

ሰዓት ሠሪው ቀና ብሎ አየ። ሲስተር «መልካም አደረግህ» እንኳ ሳይሉት፣ ነጠላ ጫማቸውን እያንጣጡ፣ ወደ መናፈሻዋ እየገሠገሡ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ነገ ከሱቁ በር አጠገብ ቁጭ ይሉለታል፤ «እሺ» እያሉ።

«የኔ መሆኗን እንኳ እንጃ» አለ። «ለሌላ ግን አልሰጣትም።»