ግድግዳዬን ለሚያንኳኩ ሁሉ

ሰው ቤት ሊከራይ ሲመጣ ግድግዳ የሚያንኳኳው ለምንድን ነው? እስቲ ንገሩኝ። በሩ እኮ ክፍት ነው! እኔም በሩ ላይ ቆሜ «ግቡ፣ ግቡ» እያልኩ ነው። ይገባል፣ ጣሪያውን ያያል፣ ወለሉን ያያል፣ ከዚያ ጣቱን አጥፎ ኳ ኳ ኳ! ፊቱ ወዲያው ይለወጣል። «ይሄ ነገር ውስጡ ባዶ ነው እንዴ?» ይለኛል። ያን ጊዜ ደሜ ይፈላል።

ያለ ምክንያት አይደለም የምናደደው። ሠላሳ ዓመት ነርስ ነበርኩ። የሰው ጀርባ በጣት እየመቱ ማዳመጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጤነኛ ሳንባ ሲመቱት እንደ ባዶ ነገር ነው የሚጮኸው፤ ውስጡ አየር ነዋ! ሐኪም የሚጠራው ድፍን ያለ ድምፅ ሲሰማ ነው። ይህንን ለአንዱ አንኳኪ በትዕግሥት አስረዳሁት። «ሲስተር፣ እኔ የመጣሁት ልከራይ እንጂ ልታከም አይደለም» ብሎኝ ሄደ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለው ግቢያችን ጥግ ላይ አንዲት ክፍት ቦታ ነበረች። ባለቤቴ «አንድ ቀን ያስፈልጋል» እያለ የሚሰበስበው የዛገ ብረት ሁሉ የሚከመርባት። ጡረታ ስወጣ እዚያች ላይ አንድ ክፍል ከነሻወሩ ሠርቼ ላከራይ አሰብኩ። ከልጆቼ እጅ ሳልጠብቅ፣ ከባለቤቴ ጋርም በየወሩ ሳልጨቃጨቅ፣ የራሴ የምለው ገቢ እንዲኖረኝ ብቻ ነው የፈለግሁት። ይሄ ብዙ ነው?

ስልክ ላይ ስለ ኪራይ ቤት የሚያስተምሩትን ወጣቶች ሁሉ አየሁ። ሁሉም ሱፍ ለብሰዋል፣ ሁሉም «በትንሹ ጀምሩ!» ይላሉ። እሺ፣ በትንሹ ጀመርኩ። ስለ አንኳኪ አስቀድሞ የነገረኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ባለቤቴ ሽፈራው ግንበኛ ነው። ልደታን በብሎኬት የሞላሃት አንተ ነህ ብትሉት ደስ ይለዋል። ገና ሐሳቤን ሳልጨርስ «በብሎኬት እገነባልሻለሁ» አለኝ። ያመንኩት መሰላችሁ? የገዛ ኩሽናችን ግድግዳ ሳይለሰን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ለሰው ሲሆን በሦስት ወር ቁልፍ ያስረክባል፤ ለእኔ ሲሆን ወገቡን ያመዋል።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አይቼ ነበር። የሠራሁበት ጤና ጣቢያ ሲጠብ ግቢው ውስጥ ሦስት ክፍል በፓነል ተጨመረለት። ገለባና ሲሚንቶ ተጨምቆ የሚወጣ ሰሌዳ ነው። በብረት ቋሚ ላይ ግራና ቀኝ ይታሰራል፣ መሐሉ አየር ይሆናል። ሲሠሩት ሻዬን ይዤ ከአጠገባቸው አልጠፋም ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት ዘነበበት፣ ስንት በሽተኛ ተደገፈው፣ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ሰፈራችን ካለ አንድ በያጅ ጋር ተስማማሁ። ብረቱን እሱ በየደ። ፓነሉን የለካሁት እኔ፣ ምልክት ያደረግሁት እኔ፣ መጋዝ ይዤ የቆረጥሁት እኔ። በዚህ ዕድሜዬ! ሽፈራው በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ አንዴም ቀና ሳይል ጋዜጣውን ሲያነብ ከረመ።

ቀለም ቀብቼ ስጨርስ መጣና ዞር ዞር ብሎ አያት። «ካርቶን ቤት» አለ። ከዚያም ሐምሌ እስኪገባ ሰው ከገባባት ዝም እንደሚል፣ ካልገባባት ግን አፍርሶ በብሎኬት እንደሚሠራት ነገረኝ። እኔም በንዴት «እሺ!» አልኩት። ምን ነክቶኝ እሺ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ አንኳኪው ጎረፈ። አንዱ በጣቱ፣ አንዱ በቁልፉ፣ አንዱማ በትከሻው ገፍቶ ሊያያት ሞከረ። እንዴ! በሬ ነው እንዴ የሚገዛው? ለእህታቸው ልጅ ቤት ሊያዩ የመጡ አንዲት እትዬ አሉ፤ የራሳቸው ጭቃ ቤት ወደ መንገዱ አዘንብሎ በሁለት ግንድ ተደግፎ ነው ያለው። እሳቸው አንኳኩና «ልጄ፣ ይሄ ነፋስ ይወስደዋል» አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው። አምላክ ያያል፣ ምላሴ ጫፍ ላይ የነበረውን ነገር ዋጥኩት።

ደላላው ሙሌ መላ አመጣልኝ። «ሲስተር፣ መሐሉን እስከ ትከሻ ድረስ አሸዋ ይሙሉበት» አለኝ። «ከትከሻ በላይ ማንም አያንኳኳም።» አስቡት፤ ሰው አገር ምድሩን ዞሮ ቀላል ቤት ይፈልጋል፣ እኔ ቀላሉን ሠርቼ ከባድ እንዲመስል አሸዋ ልሙላበት! ሙሌን ከግቢዬ አስወጣሁት። በማግስቱ ግን አሸዋ ስንት እንደሆነ ጠይቄያለሁ። አልዋሻችሁም።

ሰኔ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሽፈራው ብሎኬት አስመጣ። መኪናው ደጃችን ላይ ሲያራግፈው ቆሜ አየሁ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም። ሠላሳ ዓመት ተረኛ ያደርኩበትን ገንዘብ፣ በእጄ የቆረጥሁትን ቤት፣ ሰው ጣቱን አጥፎ ስለመታው ብቻ ሊያፈርስብኝ! ያን ቀን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የሐዘን አይደለም፣ የንዴት ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አንዲት ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ ከአጎቷ ጋር መጣች። ልጅቷ ወደደቻት፤ ብርሃኗንም፣ ሻወሯንም። አጎትየው ግን የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ነጋዴ ነው፤ በቀላሉ የሚሸነፍ አይደለም። ጣቱን አጠፈ። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ኳ ኳ ኳ። «አይ፣ ይሄስ…» ብሎ ሲዞር ሽፈራው ብሎኬቱን ሊቆጥር ከበረንዳው ወርዶ ኖሯል።

«ጋሽ ሽፈራው!» አለ ሰውዬው። «የእኔን ሱቅ የገነቡት እርስዎ አይደሉ እንዴ? አንድም ቀን ሳይሰነጠቅ!» ተቃቀፉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጩ። ከዚያ ሰውዬው ቤቷን እንደ አዲስ አያት። «ይህችንም የሠሯት እርስዎ ነዎት?»

ሽፈራው እኔን አየኝ። ቤቷን አየ።

«ታዲያ ማን ሊሠራት ኖሯል?» አለ።

አይ ሰው! ከዚያማ ማን ያስቁመው? ስለ ፓነል፣ ስለ ሙቀት፣ አየሩ ለምን መሐል እንደሚተው፣ ለሳምንታት እኔ ለአንኳኪ ሁሉ የተናገርኩትን አንድ ቃል ሳያስቀር ይተነትነው ጀመር። ለካ ጋዜጣውን አያነብም ነበር! አጎትየው አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። «ውሸቱን ነው፣ የሠራኋት እኔ ነኝ» ልበል? ብል እውነቱ ይወጣል፣ ተከራይዋ ትሄዳለች፣ ቤቷ ሰኞ፣ ሐምሌ ሲገባ፣ ትፈርሳለች። ዝም አልኩ። እንደዚያ ቀን ዝም ማለት ከብዶኝ አያውቅም። ልጅቷ እዚያው ውል ፈረመች፣ ሐምሌ ሳይገባ ዕቃዋን አስገባች።

ብሎኬቱስ? ሽፈራው «ብሎኬት ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ለጎረቤት ሸጠው። እኔን እያየ ነው ደግሞ የሚናገረው፣ ሳያፍር።

አጎትየው ሳምንት ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ከሱቁ በላይ ሁለት ክፍል በፓነል ሊያሠራና ሊያከራይ ፈልጓል፤ ግን በጋሽ ሽፈራው እጅ ካልሆነ አይሆንም። ሽፈራውም ቀብድ ተቀበለ። በነጋታው ቁርስ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሚ፣ ይሄ ፓነል የሚቆረጠው በየት በኩል ነው?» አለኝ።

ትናንት ሥራ ጀመርን። ሜትሩንና መጋዙን ይዤ ከኋላው ስገባ አጎትየው ደንገጥ አለ። «ምነው ጋሽ ሽፈራው፣ ሲስተርን ደግሞ ለምን አደከሟቸው?»

«ምን ላድርግ ብለህ ነው» አለ ባለቤቴ። «ረዳት ጠፋ። እሷን እያስለመድኳት ነው።»