ጊታሩ ሲነሳ የማን ግፊት ይጨምራል?

ዛሬ ጠዋት በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሚስቴ እጅ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ግን መጀመሪያ በደርግ ጊዜ ወደነበረችው ሆሳዕና ልመልሳችሁ።

እኔና ማርታ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የጤና ረዳቶች ነበርን። ለቤተሰቧ ሽማግሌ ልልክ ቀን ቆርጫለሁ።

በሽተኛ ሲጠፋ አንዳችን የሌላችንን የልብ ምትና ግፊት እንለካለን። እጇን ለመያዝ ከዚህ የተሻለ ሰበብ ከየት ይመጣል?

አንድ ቀን ከሰዓት እጇን እንደያዝኩ ከጎረቤት የቀበሌ አዳራሽ የኪነት ቡድኑ ጊታር ተነሳ። ተጫዋቹ ሳሙኤል ይባላል። ሸበላ ነው። (ይህን ስጽፍ እንኳ ጣቴ እምቢ እያለኝ ነው።)

የማርታ የልብ ምት ረገብ አለ። ትከሻዋ ላላ፣ ዓይኗን ጨፈነች።

በማግስቱም ያው! የኔ እጅ ያላወረደውን ግፊት እሱ ግድግዳ አሻግሮ ያወርደዋል።

ለስላሳ ሙዚቃ ነርቭ ያረጋጋል፣ የደም ሥር ያላላል ተብለን ተምረናል። ይሄ ግን ስለ ምርት ዘመቻና ስለ አድኃሪያን የሚዘፈን ነው። ማንን ያረጋጋል? ፍቅር ቢሆን ነው እንጂ።

ቅናት እህል አላስወርድ አለኝ። በመጨረሻ "ሽማግሌው ይቅር፣ ሳሙኤልን አግቢ" አልኳት።

ማርታ በሩን ዘጋች። ድምጿንም ዝቅ አደረገች።

"ቃሉ የቀበሌ ነው። ዜማው ግን የኛ መዝሙር ነው። ቤተክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ የምሰማው በዚህ ግድግዳ ብቻ ነው። ለሰው ብትናገር ሳሙኤልን ያስሩታል።"

እኔ የሺንሺቾ ካቶሊክ፣ የጴንጤ መዝሙር በምን ልወቅ?

ቀጥላ የኔን ክንድ አስራ ለካች። "ጣሪያ ነክቷል። በሽተኛው አንተ ነህ" አለችኝ። ምስጢሩን ያዝኩ፣ ሽማግሌዎቹም በቀናቸው ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ሳሙኤል ሊጠይቀን መጣ። ሸብቷል፤ አሁንም ሸበላ ነው። የልጅ ልጄን ጊታር አንስቶ ያንን ዜማ ሲጀምር ማርታ ዓይኗን ጨፈነች።

እንደጨፈነች ዲጂታሉን መለኪያ ወደኔ ገፋችው። "እሰረው" አለችኝ።

ለካሁ። ቁጥሩን አይታ በልጅ ልጆቻችን ፊት "ክኒንህን ዋጥ፣ አንተ ሽማግሌ" አለች።

ውሃውን ማን ቢያቀብለኝ ጥሩ ነው? ሳሙኤል።

ወገኖቼ፣ ለግፊቱስ ክኒን አለው። የቅናት መድኃኒት የሚሸጥ ፋርማሲ የምታውቁ ኮመንት ላይ ትጠቁሙኛላችሁ?