ለአያ ደሴ የተነሣው ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ይሉኝታ ያውቃል ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ፤ ግን ልጨርስ።

ወረታ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ፈቀቅ ብላ አንዲት ፎቶ ቤት አለችኝ። ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ከተበላሸ ሚሞሪ ላይ የጠፋ ቪዲዮ እፈልጋለሁ። ፍለጋው ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬ በሰጠኝ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ መልክ የለውም። ጥቁር መስኮት ይከፍትና ነጭ ጽሑፍ ቁልቁል ሲያወርድ ይውላል።

አያ ደሴ የፎገራ ሜዳ ሩዝ አምራች ናቸው፤ ፊታቸው በቀላሉ የማይፈታ ሰው። ታዲያ በልጃቸው ሠርግ እስክስታ ወረዱ ተባለ። ማን ይመን? በተለይ አንበሳሜ የሚኖሩት የሚስታቸው ወንድም አያ ፈንታ፣ በሠርጉ ቀን ታመው የቀሩት፣ ደሴ ከሚጨፍር በሬው ቢጨፍር አምናለሁ አሉ። ቪዲዮው ያለው የአያ ደሴ የወንድም ልጅ ሚሞሪ ላይ ነው፤ ሚሞሪው ደግሞ ተበላሸ። አያ ደሴን ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳቸው። ሰው ዕድሜ ልኩን አንዴ ቢጨፍር፣ እሱም ውሸት ይባልበት?

ሚሞሪውን ሰክቼ ፕሮግራሙን በጠዋት አስጀመርሁ። ረፋዱ ላይ አያ ደሴ ብቅ አሉ። ብድግ አልሁ። መቼም ትልቅ ሰው ሲገባ "ኖር" ብሎ መነሣት ነው፤ ገቢው "በእግዜር" ሲል መቀመጥ። ምን ይላል አሉኝ ጥቁሩን መስኮት እያዩ። እኔስ ምኑን አውቄው? ጽሑፉን ለጓደኛዬ ልኬ ልጠይቀው ብዬ፣ ደብዳቤ ስጽፍ እንደለመድሁት ለመገልበጥ ኮንትሮልና ሲን ተጫንሁ።

ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። ተዘጋ። ለካ እነዚያ ቁልፎች ደብዳቤ ላይ ገልብጥ ማለት ናቸው፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ ደግሞ በቃህ፣ አቁም። ከጠዋት ጀምሮ የለፋው ሁሉ ውኃ በላው። ምን ልበላቸው?

"አንቱ ሲገቡ ጊዜ ተነሥቶ ሄደ" አልኋቸው።

አያ ደሴ አልሳቁም። አሰቡበትና፣ "በእግዜር በለው፤ ይቀመጥ" አሉኝ።

እንደገና አስጀመርሁት፤ ሲ ቁልፏ ላይም ፕላስተር ለጠፍሁባት። ቪዲዮው ተገኘ። አያ ፈንታ ለገበያው ቀን ከአንበሳሜ መጥተው ሊያዩ ቀጠሮ ተያዘ። በቀኑ አያ ደሴ ቀድመው ደረሱና ከፈትሁላቸው። ዳሱ ይታያል፣ ከበሮው ይመታል፣ አያ ደሴ መሐል ገቡ። ትከሻቸው ገና አንዴ ነቅነቅ ከማለቱ ቄሱ ወደ ዳሱ ዘለቁ። ሕዝቡ ኖር ብሎ ተነሣ፣ ከበሮው ዝም አለ፣ አያ ደሴም ቀጥ አሉ። ቪዲዮው እዚያ ላይ አለቀ።

"ይኽችን ብቻ ነው እንዴ የጨፈርሁት?" አሉ ቀስ ብለው። አንጀቴን በሉኝ። ኮምፒውተሩ የተቋረጠ ጊዜ ምን እንዳደረግሁት ጠየቁኝ። እንደገና አስጀመርሁት አልኋቸው።

"እንግዲያ ስልክህን አውጣ።"

ጋቢያቸውን ወንበር ላይ አኖሩና ጀመሩት። ከበሮ የለ፣ ጭብጨባ የለ፤ ፎቶ ኮፒው ብቻ ያጓራል። እኔ ተቀምጬ እቀርጻለሁ። ትከሻ ብላችሁ ትከሻ። ደስታዬን አልደብቃችሁም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መሐል ላይ በሩ ተከፈተ። አያ ፈንታ ናቸው፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ደፉ ላይ ቆሙ። ጉልበቴ በልማዱ ሊነሣ ቃጣው። ያዝሁት። እኔ ብነሣ አያ ደሴ ይቆማሉ፤ ያኔ ሦስተኛ ማስጀመሪያ ከየት ይመጣል? እስኪጨርሱ ድረስ ቁጭ ብዬ ቀረጽሁ።

ቪዲዮው ሙሉ ነው፤ አያ ደሴም ስልካቸው ላይ ጭነው ለሩዝ አጫጆቻቸው ሁሉ ያሳያሉ። አያ ፈንታ ግን አንበሳሜ ሲመለሱ ስለ እስክስታው ትንፍሽ አላሉም አሉ። የሚያወሩት፣ ወረታ ላይ ትልቅ ሰው ሲገባ ንቅንቅ የማይል ባለጌ ፎቶ አንሺ እንዳለ ነው።