የጋሼ በዛብህ ትርፍ ብሎን

ብሎን ፈቺ የሌለበት ሰፈር የለም። ማንም አይሾመውም፣ ማንም አይከፍለውም፤ የተበላሸ ዕቃ ወሬ ግን ከሦስት አጥር ማዶ ይደርሰዋል። ካቻቪቴውን በደረት ኪሱ ሰክቶ ሳይጠሩት ከተፍ ይላል። አሰላ ላይ፣ በእነ የውብዳር ሰፈር፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሼ በዛብህ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ የማስተማር አመላቸው ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም።

እሳቸው ዘንድ ዕቃው ከመጠገኑ በፊት ባለቤቱ መማር አለበት። "መጀመሪያ መርሁ!" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ካውያ ይዞ የሄደ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ ሳይማር አይመለስም፤ ቤቱ ወጥ ጥዶ የመጣ እንኳ ቢሆን አይለቁትም። ስለዚህ ብዙ ሰው ጋሼ በዛብህን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

የባለሱቁ የሁሴኖ ሬዲዮ ከእሳቸው እጅ ከወጣ ወዲህ የሚያወራው በሆዱ ሲያስተኙት ብቻ ነው። የአቶ ጉርሙ የውሃ መሳቢያ ደግሞ አንድ ጊዜ በእርግጫ ካላሉት አይነሣም። ብቻ ሁሉም ይሠራል። ከሁሉም ደግሞ አንድ ብሎን ይተርፋል። "ይቺ ከየት ናት?" የሚል ካለ መልሱ ዝግጁ ነው፤ "ትርፍ ናት! ፋብሪካ ፈሪ ነው፣ ሁልጊዜ አንድ ያበዛል።" ትርፎቹን በማርማላታ ጠርሙስ ያጠራቅማሉ። ጠርሙሱ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል።

የውብዳር ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። አራት ዓመት ሙሉ በአዴ ታየች ግቢ ተከራይታ ኖራለች። አንድ የውጭ አገር ሰው ሥራውን ጨርሶ ከአሰላ ሲለቅ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን የገዛችው ለራሷ ብላ አይደለም፤ ለአዴ ታየች ጣቶች ብላ ነው። የአሰላ ውሃ አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል፤ የአዴ ታየች ጣቶች ደግሞ በቁርጥማት አብጠዋል። ይሁንና "በቤቴ ሌላ ሰው ዕቃ አያጥብም" ብለው አንዴ ተናግረዋል። ማሽን ደግሞ ሰው አይደለም። የውብዳር ማሽኑን ወጥ ቤቷ ያስገባች ዕለት ለራሷ ማለች፤ የጋሼ በዛብህ ካቻቪቴ አይነካውም!

መሐላው የቆየው እስከ ሐዊ ምርቃት ዋዜማ ነው። ሐዊ የአዴ ታየች የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ለምርቃቷ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልሳ ሰው ተጠርቷል። የበቆጂ ዘመዶች ቅዳሜ ጠዋት ቀድመው ደረሱ፤ ጭኮም ይዘው መጡ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የራሰ። ሁሉም እስኪጠግብ በላ። የውብዳር "ሳህኑን አስቀድመው መፈተግ አያስፈልግም፣ እንዳለ ይክተቱት" ብላ አስተምራቸው ነበርና አዴ ታየች የተባሉትን አደረጉ። ስድስት ሳህን ከነተረፈው ጭኮ ከተቱ።

ማሽኑ ጥቂት አቃሰተና ዝም አለ። የውብዳር በሩን ስትከፍት ከሥሩ ቅቤ የተንሳፈፈበት ውሃ ተኝቷል።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ገደልኩት እንዴ?" አሉ አዴ ታየች። መልስ አልጠበቁም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳፋውን ቀዝቃዛ ውሃ ይሞሉ ጀመር። የነገው የስልሳ ሰው ዕቃም እነዚያን ጣቶች ሊጠብቅ ነው። የውብዳር መሐላዋን ዋጠች። ልትጠራቸው ወደ በሩ ስትዞር ጋሼ በዛብህ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ሰማሁ" አሉ። ማን እንደነገራቸው እስካሁን አልታወቀም።

ወለሉ ላይ ተንበርክከው ከማሽኑ ሆድ ረጅም ክንድ የመሰለ ነገር አወጡ። "መጀመሪያ መርሁ! ይህን ክንድ ሞተር የሚያዞረው ይመስልሻል? አይደለም፣ ውሃው ራሱ ነው! ጫፍ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እዪ፣ አጋድመው ነው የበሷቸው። ውሃው ወዲህ ሲተኮስ ክንዱ ወዲያ ይሸሻል። እየሸሸ ይዞራል፣ እየዞረ ያጥባል።"

"ውሃውን ማን ወደ ላይ ይሰደዋል ታዲያ፣ በርሲሳ?" አሉ አዴ ታየች። መምህርነታቸውን አክብረው ሁልጊዜ በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚጠሯቸው።

ጋሼ በዛብህ ፊታቸው በራ። ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው ካገኙ ስንት ጊዜያቸው! "ፓምፑ! ከሥር ይስባል፣ ወደ ላይ ይረጫል። የወረደው በዚህች ማጣሪያ ያልፋል፣ ፓምፑ ያንኑ መልሶ ይስባል። አንድ ባልዲ የማይሞላ ውሃ ነው እየተመላለሰ ይህን ሁሉ የሚያጥበው።"

"እንግዲያ ማጣሪያው ላይ የእኔ ጭኮ ተኝቶበታል። ውሃው ማለፊያ አጥቷል፣ ፓምፑም የሚስበው አጥቷል።"

"በሠላሳ አንድ ዓመት" አሉ ጋሼ በዛብህ ወደ የውብዳር ዞረው፣ "እንዲህ ቶሎ የገባው ተማሪ አላጋጠመኝም።"

ከዚያ መርፌ አውጥተው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ መጎርጎር ያዙ። ቅቤው ከዚህኛው ወጥቶ እዚያኛው ውስጥ ይገባል።

"በርሲሳ፣ ቅቤ በመርፌ ይለቃል እንዴ?" አዴ ታየች የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ። ክንዱም ማጣሪያውም ተነከሩ፤ ቅቤው ቀልጦ ወረደ። ነገሩ እዚህ ጋ ባለቀ ነበር። ጋሼ በዛብህ ግን "እግረ መንገዴን ፓምፑን ልየው" ብለው ከሥር ያለውን ክዳን ፈቱ። ብሎኖቹን ሳህን ላይ አስቀመጡ፤ የውብዳር በዓይኗ ቆጠረች፤ አሥራ አንድ። ፓምፑን አይተው፣ አመስግነው፣ መልሰው ገጠሙ።

ማሽኑ ተነሣ። ሁሉም ጆሮውን ሰጠ። ጋሼ በዛብህ እንደ ኳስ ጨዋታ ያስተላልፉ ጀመር፤ "ሳበ! ረጨ! ክንዱ ዞረ! አሁን ማሞቂያው ገባ!" ሐዊ አጨበጨበች፤ የበቆጂ ዘመዶች በመስኮት አንገታቸውን አስገቡ። አዴ ታየች እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ የውብዳር እነዚያን እጆች ሥራ ፈትተው ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ ብሏት ዓይኗን ጠረገች።

ጋሼ በዛብህ ግን ወሬያቸውን አቋረጡ። ሳህኑን አነሱ፤ ወለሉን ዳበሱ፤ ኪሳቸውን ፈተሹ።

"ምንም አልተረፈም" አሉ። ድምፃቸው ሰለለ። "የሆነ ነገር ተሳስቻለሁ።"

ማሽኑ እየሠራ ነው፣ ሰዉ እየሳቀ ነው፤ እሳቸው ግን ፈተና እንደወደቀ ተማሪ ቆመዋል። የውብዳር አላስቻላትም። ካቻቪቴውን ከወለሉ አንስታ ጀርባዋን ሰጠች፤ ከወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን እጀታ አንድ ብሎን ፈታችና ጎንበስ አለች።

"ጋሼ፣ ይቺ እዚህ ወድቃለች።"

"አላልኩሽም!" አሉ ተንፍሰው። "ትርፍ ናት!"

ምርቃቱ ሞቅ ብሎ አለፈ፤ አዴ ታየች አንድ ሳህን አላጠቡም። በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ በዛብህ ማሽኑን ሊጠይቁ ሲመጡ የተንጠለጠለውን የቁም ሣጥን እጀታ አዩ። "ብሎን ጎድሎታል እኮ!" ብለው ወደ ቤታቸው በረሩ፤ በጠርሙሳቸው ተመለሱ። አንዷ አልገባችም፣ ሌላዋ ሰፋች፤ በስምንተኛው ሙከራ አንዲቷ ጥርቅም ብላ ገጠመች።

"ልክክ አለች!" አሉ በአድናቆት። "አየሽ፣ ትርፍ የሚሰበሰበው ለዚህ ነው። ለመሆኑ ብሎን እንዴት አጥብቆ እንደሚይዝ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ መርሁ!"

የውብዳር ምድጃው ላይ ወጥ ጥዳ ነበር። እሳቱን አጠፋች፤ ለእሳቸው ወንበር ሳበች፣ ለራሷም ሳበችና ተቀመጠች።