አዳራሹን የሞላው ኢሳያስ

ራሱን የሚያከብር ጉባኤ ሁሉ የሚዲያ ክፍል ሊኖረው ይገባል። ፍራንክፈርት፣ ጉትሎይትፊርቴል፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በአዘቦት ቀን ዳንስ የሚማሩበትን አንድ ግድግዳው ሙሉ የፊት ማያ መስታወት የሆነ አዳራሽ እየተከራየች እሑድ እሑድ የምታመልከው ጉባኤም የዘመኑን ጥሪ በመገንዘብ፣ ሰፊ ውይይት ካደረገች በኋላ፣ ክፍሉን በይፋ አቋቋመች። ክፍሉ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ምክትልና አንድ የፎቶ ባለሙያ ነበሩት። ሦስቱም ኢሳያስ ነበር።

ለዚህ ሹመት የበቃው በብቃቱ ነው። ካሜራ ነበረው።

ፌኸንሃይም በሚገኝ መጋዘን ካርቶን ሲያነሣና ሲያስቀምጥ ይውልና፣ ትራም ውስጥ የካሜራውን መመሪያ ያነባል። መመሪያው በከባድ ጀርመንኛ የተጻፈ ስለሆነ የሚያነበው ሥዕሎቹን ነው። ካሜራው አናት ላይ ያለው የሚዞር ቁልፍ ተራራ፣ አበባና የሚሮጥ ሰው ተሥሎበታል። ኢሳያስ ጥልቅ ጥናት አድርጎ፣ ካሜራው ሁሉንም ነገር ራሱ የሚያደርግበት አረንጓዴው ምልክት ላይ አቆመው። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ተነክቶ አያውቅም። መጋዘኑ ውስጥ ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው ሰው የለም፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲገባ፣ «ሚዲያው መጣ፣ መንገድ ልቀቁለት!» ይባላል። ለዚህች አንዲት ቃል ሲል ሳምንቱን ሙሉ ካርቶን ይሸከም ነበር።

ፌስቡክ የልጆች ነገር መሆኑ ቀርቶ ሽማግሌዎች የገቡበት ዘመን ነበርና፣ የጉባኤዋ የምሥረታ በዓል ፎቶ ለዓለም ሊሰራጭ ተወሰነ። ኢሳያስ አነሣ፤ አሳየ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ፍስሃጽዮን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ላፕቶፑ ተጠጉ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የበዓላችን ፎቶ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ የሚታየኝ የወንበር መደብር ነው። ሽቱትጋርት ያሉት ወንድሞች የለጠፉትን አይተሃል? ሕዝቡ መቆሚያ አጥቶ!»

«ሰዉ ሺኽት ላይ ነዋ ጋሼ። ግማሹ ኤርፖርት ሥራ ገብቷል፣ ግማሹ ሌሊት ሠርቶ ተኝቷል...»

«ሺኽት የገባ ሰው ከአዳራሹ ጎደለ እንጂ ከጉባኤው አልጎደለም። በመንፈስ አብሮን ነው። በመንፈስ የመጣን ሰው በፎቶ ማምጣት ያቅትሃል? ሚዲያ አይደለህም እንዴ!»

ኢሳያስ አላቃተውም። በዚያው ሰሞን ከአንዱ ቦታ ቀድቶ ሌላው ላይ የሚለጥፍ የፎቶሾፕ መሣሪያ ከቪዲዮ ተምሯል። በመጀመሪያ የሞከረው የራሱን ብጉር ለማጥፋት ነበር፤ እርግጥ አፍንጫው አብሮ ሄዷል፤ ብጉሩ ግን ጠፍቷል። አሁን በጎደለው ወንበር ሁሉ ሰው አስቀመጠ። ወንድም ቶሚ አምስት ቦታ አጨበጨበ፤ አንደኛው ቶሚ ሁለቱም እጆቹ ግራ ነበሩ። ሲጨርስ ኮምፒዩተሩ «አሮጌውን በአዲሱ ልተካው?» ብሎ በትሕትና ጠየቀው። ኢሳያስ በኩራት «አዎ» አለ። ባዶዎቹ ወንበሮችም ከዚህ ዓለም ተሰናበቱ። የካሜራውንም ካርድ ለሚቀጥለው ታላቅ ሥራ ባዶ አደረገው።

«ኢሱ፣» አለችው ዘማሪዋ ሮማን፣ ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቅና፣ «እዚህ ተቀምጫለሁ፤ እዚህም ተቀምጫለሁ፤ እዚህ ደግሞ የራሴን ማጅራት እያየሁ ነው!»

«ንቁ ተሳታፊ ስለሆንሽ ነው።»

ጋሽ ፍስሃጽዮን ግን ተደሰቱ። «ይህ ፎቶ የዕድገታችን ሕያው ምስክር ነው» የሚል ንግግር ካደረጉ በኋላ፣ ሕያው ምስክሩን አስፋፍተው አሳትመው፣ በገዛ እጃቸው አዳራሹ በር ላይ ሰቀሉት።

ምስክሩ መመስከር የጀመረው በማግስቱ ነው። የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ሀውስማይስተሩ ሄር ክሮል፣ አምፖል ሊቀይር መጥቶ ፎቶው ፊት ቆመ። በጣቱ ይቆጥር ጀመር። መቶን ሲያልፍ መሰላሉን አስቀመጠና ጋሽ ፍስሃጽዮንን አስጠራ። ሮማን ልታስተረጉም አብራቸው መጣች፤ ኢሳያስም የሚደነቅ መስሎት ተከተለ።

«ብራንድሹትስ ነው የሚለው፣ ጋሼ። በእሳት አደጋ ደንብ አዳራሹ የሚይዘው ሥልሳ ሰው ብቻ ነው። እናንተ ግን ይሄን ሁሉ ሕዝብ አጭቃችኋል፤ ትባረራላችሁ እያለ ነው።»

«እነዚህ ሰዎች እኮ የሉም በዪው!»

«የሉም ማለት ምን ማለት ነው ይላል።»

«በመንፈስ ነው ያሉት በዪው።»

«ጋሼ፣ መንፈስን ለብራንድሹትስ እንዴት ብዬ ልተርጉምለት?»

ሄር ክሮል የመጀመሪያውን ፎቶ ካሳዩኝ አምናለሁ አለ። ሁሉም ወደ ኢሳያስ ዞሩ። ኢሳያስ ወደ ካሜራው ዞረ። ካሜራው እንደ ወትሮው አረንጓዴው ላይ ነበር።

«እንግዲያው እሑድ መጥቼ እቆጥራለሁ» አለ ሄር ክሮል። «ከሥልሳ በላይ አንድ ሰው ቢገኝ፣ አዳራሽ የላችሁም።»

ሥልሳ ሰው መቼ መጥቶ ያውቃል! ቢሆንም ሽማግሌዎቹ ለጥንቃቄ ሲሉ በጉባኤዋ ታሪክ ያልታየ የእረኝነት ሥራ ሠሩ፤ ለምእመናኑ ሁሉ፣ በበረት ላሉትም ለጠፉትም በጎች፣ ደወሉ። ጋሽ ፍስሃጽዮን ራሳቸው ስልኩን ይዘው ዋሉ።

«ኃይለ መስቀል፣ ደኅና ነህ ወይ? እሑድ እንዳትመጣ ልልህ ነው።»

«እኔ? ከፋሲካ ወዲህስ መቼ መጣሁ?»

«እሱን በርታበት።»

«ለመሆኑ እሑድ ምን አለ?»

«ምንም የለም። ምንም ስለሌለ ነው።»

ስልኩ እንደተዘጋ ኃይለ መስቀል ለሚስቱ፣ «አዲስ ሽማግሌ ሊመርጡ ነው፤ እኛን አስቀርተው!» አላት። ሚስቱ ለእኅቷ ደወለች። በሁለት ቀን ውስጥ ከጊንሃይም እስከ ፌኸንሃይም ያላወቀ አልነበረም። እሑድ ሺኽቱን የቀየረ ቀየረ፤ የሐኪም ወረቀት ያወጣ አወጣ፤ ተቀይሞ የሄደም፣ ያስቀየመውም፣ ልጆቹን በጋሪ እየገፋ መጣ። ወንበር አለቀ፤ የተረፈው መስታወቱን ተደግፎ ቆመ። ሄር ክሮል በሩ ላይ ትንሽ ቆጠረና ተወው፤ የአዳራሹን ቁልፍ እንዲመልሱለት እጁን ዘረጋ።

ኢሳያስ ብቻ ወንበር ላይ ወጥቶ በሕልሙ የሚያየውን ነገር አየ። አነሣው። አልነካካውም፤ አልቀዳም፤ አልለጠፈም። የዚያኑ ዕለት ማታ ለዓለም አሰራጨው።

ከሽቱትጋርት የመጀመሪያው አስተያየት ወዲያው ደረሰ፦ «ወንድሞች፣ ያለፈው ይሻል ነበር። የአሁኑ በኮምፒዩተር የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሁሉም ሰው ሁለት ቦታ ነው ያለው።»

በሳምንቱ አዳራሽ አልነበረምና፣ ጋሽ ፍስሃጽዮን የጉባኤዋን ድምፅ ማጉያ ታቅፈው ባቡር ጣቢያው ደጅ ቆመው፣ አስተያየቱን ከኢሳያስ ስልክ ላይ ደጋግመው አነበቡት።

«መስታወቱ ነው እኮ፣ ጋሼ» አለ ኢሳያስ። «የግድግዳው መስታወት ነው! ሰዎቹ እውነተኛ ነበሩ!»

ጋሽ ፍስሃጽዮን በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ገና ጀማሪ ነህ» አሉት። «መስታወቱን በኮምፒዩተር ብታጠፋው ኖሮ እኮ እውነት ይመስል ነበር።»