መሪጌታን ያንተባተበው መስመር

ኢንተርኔት የሚሸጡ ሰዎች ለተቀባይ ሰፊ በር፣ ለላኪ ግን የመርፌ ቀዳዳ ነው የሚሰጡት! ይህ ግፍ በጽሑፍ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። በዚህ ግፍ የተነሣ ባለቤቴ መሪጌታ ውብሸት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሞቱ በኋላ ተንተባታቢ ሆነዋል። በሕይወት ሳሉ እንኳን ሲያዜሙ፣ እኔን ሲቆጡም ቃል ተሰብሮባቸው አያውቅም!

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። መሪጌታ ሲያስተምሩ የቀዳሁት ካሴት አንድ ሳጥን ሙሉ አለኝ። ኮምፒውተር ተምራ በሙያዋ የምትሠራው የልጄ ልጅ ሕይወት ሁሉንም ገልብጣ፣ ሰው በየስልኩ እንዲሰማው ቪዲዮ ከሚታይበት ቦታ ሰቀለችልኝ። ከፍታ ስታሳየኝ መሪጌታ ገና አንዱን ስንኝ ሳይጨርሱ የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ መሀል ገባ!

«አውርጂልኝ!» አልሁ።

«እንግዲያው የራሳችንን ሰርቨር እዚሁ ቤት እናቁም» አለች።

ሰርቨር ማለት፣ እንደ እኔ ከአራተኛ ክፍል ላላለፋችሁ፣ የማይተኛ ኮምፒውተር ነው። ማንም ከየትም ሆኖ ሲጠይቀው የያዘውን ይሰጣል። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ባለው ቤቴ፣ መሪጌታ መጻሕፍታቸውን ይደረድሩበት ከነበረው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ቀን ተሌት ያንጎራጉራል... ከመሪጌታ ወዲህ በቤቱ ያንጎራጎረ እሱ ብቻ ነው።

የቀረን መስመር መምረጥ ነበር።

«በሲም ካርድ የሚሠራው ርካሽ ነው» አለች ሕይወት። «ግን አድራሻው ከብዙ ሰው ጋር የጋራ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚመጣ አድማጭ የእኛን ቤት ለይቶ አያገኘውም።»

«እንግዳ የሚጠፋበት ቤት አልፈልግም። ቀጥዪ።»

«የቀሩት ሁለቱ በፋይበር ገመድ የሚመጡ ናቸው። አንዱ በሰከንድ ሃምሳ ሜጋቢት ያስገባል፣ አምስት ያስወጣል። ሌላው አሥር ያስገባል፣ አሥር ያስወጣል።»

«ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ሃምሳው ነዋ!»

«እምዬ፣ ሃምሳው እኮ ወደ እኛ የሚመጣው ነው። ከእኛ ወጥቶ አድማጩ ዘንድ የሚደርሰው አምስቱ ነው። ሰርቨር ላለው ሰው ቁም ነገሩ የሚወጣው ነው።»

«አምስት ይበቃቸዋል! በነጻ ለሚያደምጡ ሰዎች ስንት ልስጣቸው?»

አትሳቁ። እናንተም ብትሆኑ ሃምሳ እያለ አሥር አትመርጡም። ሕይወት ተስፋ ሳትቆርጥ «እንግዲያው የድምፁን ፋይል ትንሽ እናሳንሰው» ብትለኝ፣ «የመሪጌታን ድምፅ ማን አባቱ ያሳንሳል!» ብዬ ከለከልኋት። ትልቁን ድምፅ በጠባቡ በር አስወጣሁት ማለት ነው።

ጥቂት ወር ሰላም ሆነ። ከዚያ ማክሰኝት ሄድሁ። እዚያ ቀለመወርቅ የሚባል የመሪጌታ ደቀ መዝሙር አለ፤ ዛሬ ራሱ መምህር የሆነ ጎልማሳ ነው። ተማሪዎቹ ለእኔ ክብር ሲሉ የመሪጌታን ዜማ አሰሙኝ። ሃያ የሚሆኑ ወንዶች በአንድ ድምፅ አነሡት፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አንዱ ቃል አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ... ቀጥ! መቋሚያው አየር ላይ ቀረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ከዚያ ካቆሙበት ቀጠሉ። ጥቂት ሄደው ደግሞ... ቀጥ!

«ቀለመወርቅ፣ ምን ሆናችሁ ነው የምትቆሙት?»

«የመሪጌታ ዕረፍት ናት፣ እማማ» አለኝ በኩራት። «ከሰርቨሩ ስሰማት በስልኬ ቀዳኋት። ሲያስተምሩኝ እንዲህ አያርፉም ነበር፤ በስተርጅና የጨመሯት ትሆናለች ብዬ አንድም ሳላጎድል አስጠናኋቸው።»

«አንተ! ያረፉት እሳቸው አይደሉም፤ አድማጭ በዝቶበት መስመሩ ነው የቆመው!»

«እማማ፣ መምህር የቆመበት ላይ መቆም ነው የእኛ ሥራ።»

ዜማ ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚሄደው፤ ተማሪ መምህሩን ይመስላል እንጂ አያርምም። እነዚህ ሃያዎቹ ነገ በየደብሩ ተበትነው ሌላ ሃያ ሃያ ቢያስተምሩ፣ ባለቤቴ ለልጅ ልጅ የሚያወርሱት ይህንኑ ቀጥ ማለት ሊሆን ነው!

ባሕር ዳር እንደተመለስሁ ሕይወትን አስከትዬ፣ በባጃጅ ፋሲሎ ሰፈር ሄጄ፣ መስመሩን ከሸጡልን ሰዎች ቢሮ ገባሁ። መስኮቱ ጋ ቀረብሁና ሰላምታዬን ጀመርሁ።

«እን... ደ... ምን... ዋ... ላችሁ...»

ልጅቱ ደነገጠች። «እማማ፣ አመመዎት? ውኃ ላምጣልዎት?»

«አላመመኝም! በእናንተ መስመር ነው የማወራ!»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቱ ኮምፒውተሯን አየች። «ያለዎት የቤት መስመር ነው። ቤት ያለ ሰው ይቀበላል እንጂ ምን ይልካል ተብሎ ነው የሚወጣው የሚያንሰው።»

«ምን ይልካል? ዕድሜ ልኩን የተማረ ሰው ድምፅ ይልካላ! ከእኛ ቤት የሚወጣ ቁም ነገር የለም ያላችሁት በማን ምስክር ነው?»

ኃላፊው ተጠራ። ጨዋ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ።

«እማማ፣ ይህ ፊርማ የማን ነው?»

የእኔ ነው። ከበላዩ «ሃምሳ ገቢ፣ አምስት ወጪ» የሚል ተጽፏል። ሕይወት ከጎኔ ቆማ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«ፊርማው የእኔ ነው» አልሁ። «ጥፋቱን ግን እኩል እንካፈል። እኔ በመጎምጀቴ፣ እናንተም ሃምሳውን እንደ ዝሆን፣ አምስቱን እንደ ጉንዳን አድርጋችሁ በመጻፋችሁ!»

ኃላፊው ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ አራቀው፤ ደግሞ አስጠጋው። በመጨረሻ አምስቷን ለማንበብ ከኪሱ መነጽር አወጣ!

«ይህስ እውነት ነው» አለ።

በሳምንቱ አሥር የሚያስገባው፣ አሥር የሚያስወጣው መስመር ከነራሱ አድራሻ ገባልን። ፋይሉንም ትንሽ እንድታሳንሰው ለሕይወት ፈቀድሁላት። ድምፁ ያው ነው... ይህን እንዳልሁ ግን ለእሷ እንዳትነግሩብኝ።

ከዚያ ቀለመወርቅ ዘንድ ደወልሁ። በስልኩ የቀዳውን አጥፍቶ፣ እንደ አዲስ ከሰርቨሩ እንዲያደምጥ አዘዝሁት። እሱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አድምጦ መልሶ ደወለልኝ።

«እህሳ፣ አሁንም ይቆማሉ?»

«አይቆሙም፣ እማማ። አንድም ቦታ።»

«ተመስገን! ታዲያ እንዴት አገኘኻቸው?»



«እማማ... መሪጌታ ምነው እንዲህ ቸኮሉ?»